የሙሽሪት ነጠብጣብ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው እድፍ ሲያስለቅቅ የኖረ ሰው ነው። ላውንደሪ ነበረው። የሰፈሩ ሰው ሸሚዙ ላይ ምን እንደደፋ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ምን እንደረሳ፣ የማን አንገትጌ ላይ የማን ከንፈር ቀለም እንዳረፈ ያውቃል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሐር ይሁን ሱፍ፣ ዘይት ይሁን ቀለም፣ በጣቱ አንዴ ዳሰስ አድርጎ "ይለቃል" ወይም "አይለቅም" ካለ አለቀ።

ከጨርቅ ውጭ ያለውን ዓለም የምታውቅለት ደግሞ እናቴ ነበረች። ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ፣ የልጅ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች፣ ጉንፋን ሲይዘው የትኛውን ሾርባ እንደሚወድ፣ ሁሉንም። እሷ ስታርፍ አባቴ ሱቁን አስረክቦ እቤት መዋል ከጀመረ ብዙም አልቆየም ነበር፤ እናም በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ቀረ። ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያ ይከፍትና መቀስ ያገኛል፤ ከዚያ የሰው ዕቃ የነካ ይመስል ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። መጋረጃ አይገልጥም። ቁርሱ ዳቦ በሻይ፣ ምሳውም ዳቦ በሻይ ነው። "በላህ?" ስለው "በልቻለሁ" ይላል፤ "ምን?" ስለው ይቆጣል።

አንድ ቀን ድስት ጥዶ እንቅልፍ ወሰደው። ድስቱ ከሰል መሰለ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ምድር ቤት ፀጉር ቤት ያላት ጎረቤታችን ሽታው አስደንግጧት ወጥታ በሩን ባትደበድብ ኖሮ ምን እንደሚከተል ማሰብ አልፈልግም። ይሄ ወሬ ታላቅ ወንድሜ ጆሮ ገባ።

ታላቅ ወንድሜን ሁላችንም "ኢንጂነሩ" ነው የምንለው፤ እናቴ እንኳ እንደዚያ ነበር የምትጠራው። ሥራው የተሰነጠቀ ሕንፃ እያየ "ይጠገን" ወይም "ይፍረስ" ማለት ነው። ጥሩ ሥራ ነው፣ አልጠላሁም፤ ችግሩ ያንን ዓይኑን ቢሮ ቆልፎበት አይመጣም። መጣና ጥላሸት የጠጣውን ጣሪያ አየ፣ ድስቱን አየ፣ በመጨረሻ አባቴን ልክ ጣሪያውን ባየበት ዓይን አየው።

"እኔ ጋ ትገባለህ አባባ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል።"

"ማን አዘጋጁልኝ አለ?"

"ራስህን መጠበቅ አቅቶሃል እኮ።"

የአባቴ ዓይን ቤቱን ዞረ። ዞሮ ዞሮ መስኮቱ አጠገብ የቆመችው የእናቴ ተክል ላይ አረፈ። እናቴ "ሙሽሪት" ነበር የምትላት። ሰፋፊ ቅጠል ያላት፣ ቁመቷ ወገቤ ጋ የሚደርስ፣ እናቴ በየቀኑ እንደ ሰው የምታናግራት ተክል ናት።

"እሷን ታያታለህ?" አለ አባቴ። "ከጉዞህ ስትመለስ በሕይወት ካገኘሃት እዚሁ እኖራለሁ። ሞታ ካገኘሃት ሻንጣዬን አንጠልጥዬ በገዛ እግሬ እመጣለሁ። ሁለተኛ አታነሳብኝም፣ እኔም አላነሳብህም።"

ኢንጂነሩ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነበር፤ የሚመለሰው ከወር በላይ ቆይቶ ነው። ትንሽ አሰበና እጁን ዘረጋ። ተጨባበጡ። ሁለት የደረሱ ወንዶች በአንድ የአበባ ሸክላ ሲወራረዱ እኔ መሃላቸው ቆሜ ሁለቱንም በጫማ ጥፊ ባልኳቸው ደስ ባለኝ። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። አባቴ ያቺን ቤት ለቆ ኢንጂነሩ ክፍል ውስጥ፣ ያ ሁሉ ነገር በቦታ በቦታው የተደረደረበት ውስጥ ቢገባ፣ ቁጭ ብሎ ከማርጀት በቀር ሥራ እንደማይኖረው ይታወቀኛል።

እኔ መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስወጣ እሱ ጋ መሄድ ልማዴ ነው። ወንድሜ ከሄደ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ስገባ ሙሽሪት ከመስኮቷ ተነስታ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ቆማለች። አባቴ የድሮ የሥራ ሽርጡን ታጥቋል። አጠገቡ ጥጥ፣ አቼቶ፣ ሶዳ እና የጥርስ ብሩሽ። አንዷን ቅጠል በግራ መዳፉ ደግፎ በቀኙ ያሻል።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ዝም በይ፣ እየለቀቀልኝ ነው" አለ ቀና ሳይል። "ሻጋታ ወሯት ነበር። ሰውነቷ በሙሉ ነጠብጣብ ሆኗል። እናትሽ ታማ በነበረ ጊዜ የሚያያት ጠፍቶ ነው።"

"በምንድነው የምታሻት?"

"ሻይ የፈሰሰበትን ነጭ ሸሚዝ በማስለቅቅበት። ደግሞ ዘልዬ አልገባሁም፤ መጀመሪያ እጥፋቱ ላይ ሞክሬ ነው።"

እጥፋቱ ላይ መሞከር የአባቴ ሃይማኖት ነው ማለት ይቻላል። ላውንደሪ የሚያውቅ ሰው አዲስ መድኃኒት ልብሱ ፊት ላይ አያፈስም፤ መጀመሪያ ጠርዙን ገልብጦ፣ ሰው በማያይበት እጥፋት ላይ ጠብ ያደርጋል። በሙሽሪት ላይም ሥር ያለችውን፣ ወደ ግድግዳው የዞረችውን ቅጠል ሞክሮ፣ ምንም እንዳልሆነች አይቶ፣ ከዚያ ሌሎቹን በሙሉ ሲፈትግ ውሏል።

ቀረብ ብዬ አየሁ። ነጠብጣቡ ከላይ እስከ ታች፣ በሁሉም ቅጠል ላይ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ድክ ድክ ከምልበት ጊዜ ጀምሮ እንደማውቀው ነው።

"አባባ፣ ይሄ ነጭ እኮ የራሷ ነው።"

"የማን?"

"የሙሽሪት። ሲፈጥራት ነው። የተክሉ ዓይነት ነው።"

የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። "ሁሌም እንዲህ ነበረች?"

"ሁሌም።"

ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሽርጡ ላይ የተንጠባጠበውን አቼቶ ይጠርጋል። "አበባ የታተመበት ቀሚስ አምጥተውልኝ" አለ በመጨረሻ፣ "አበባውን ላስለቅቅ ስታገል ነው የዋልኩት።"

መሳቅ አምሮኝ ፊቱን አይቼ ተውኩት። ወዲያው ደግሞ "ሙሽሪት ያለቻት ለዚህ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የሙሽራ ዓይነ ርግብ ትመስላለች ትል ነበር።"

"ለእኔ አላለችኝም።"

"ጠይቀሃት ታውቃለህ?"

አልጠየቃትም። የሰው አንገትጌ ላይ የስፒል ራስ የምታክል ነጥብ ከሩቅ የሚያይ ሰው፣ በራሱ ሳሎን ዕድሜ ልኩን ፊት ለፊቱ የቆመችው ተክል ምን ዓይነት መልክ እንዳላት አላየም። ይሄን አልነገርኩትም፤ ራሱ ደርሶበታል። ዓይኑ ቀልቶ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ አፍንጫውን አበሰና "ለወንድምሽ እንዳትነግሪው" አለኝ። ማልኩለት።

ጉዱ ግን ገና ነበር። የተፈተጉትን ቅጠሎች ለማየት ያህል አንዷን ስገለብጣት ከሥሯ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ከቦርሳዬ የሥራ ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ ሰጠሁት። አባቴ በመነጽሩ አጮልቆ ብዙ ቆየ።

"እግር አለው" አለ።

ተባይ ነው። ጥጥ የለበሱ ጥቃቅን ነፍሳት በየቅጠሉ ጀርባና በየቅርንጫፉ ብብት ተሰግስገዋል። አባቴ ላይ ላዩን ንጹሑን ሲፈትግ እነሱ ሥር ተደላድለው ጭማቂዋን ሲመጥጡ ሰንብተዋል። ያ ብቻም አይደለም፤ አፈሩ ላይም እውነተኛው ሻጋታ እንደ ቀጭን አመዳይ ተነጥፏል። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገም። አባቴ ልብስ በደንብ ካልተለቀለቀ ሳሙናው ይቀርበታል ብሎ የሚያምን ሰው ስለሆነ፣ ሙሽሪትን ጠዋትና ማታ በባልዲ ያለቀልቃት ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አቼቶና ሶዳ የጠጡት ቅጠሎች ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ መኮማተር ጀመሩ። እጥፋቱ ላይ ሞክሮ፣ ውጤቱን ሳይጠብቅ ነበርና የሮጠው። ጨርቅ ምላሹን ወዲያው ይሰጣል፤ ቅጠል ግን ያኮርፍና ቆይቶ ነው የሚናገረው። አባቴ ስልክ ደውሎ "ነይ" አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ስደርስ ፀጉር ሠሪዋ ቀድማኝ ገብታለች።

ፀጉር ሠሪዋ ድስቱ ከተቃጠለ ወዲህ ቀን በቀን ብቅ የምትል፣ አፏ የማያርፍ፣ እጇም የማያርፍ ሴት ናት። የሙሽሪትን ቅጠል በሁለት ጣቷ ይዛ የተጎዳ ፀጉር እንደምታይ ታየዋለች።

"ደርቃለች" አለች። "ፀጉርም ቅጠልም ያው ነው ጋሼ። ወተት በውኃ አቅጥነን እንቀባታለን። ለተባዩ ነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፈን እንረጫለን። አፈሩ ላይ ቀረፋ። እንቁላል ቢጨመርበት ደግሞ..."

"ወተት እድፍ ነው" አለ አባቴ።

"መድኃኒት ነው።"

"ስንቱን ወተት የተደፋበት ቀሚስ አጥቤያለሁ፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ? ለተባይ ሳሙና ነው። ለስለስ ያለ ሳሙና፣ በብዙ ውኃ።"

"ጋሼ፣ በሳሙናዎት አይደል እንዲህ የሆነችው?"

"ሳሙና አልነካኋትም። አቼቶ ነው።"

"እሱን ይበሉኝ እንጂ።"

አባቴ በሥራው እንዲህ የሚሞግተው ሰው ካገኘ ስንት ጊዜ ሆኖታል? ተቆጥቶ ሲነሳ ጉንጩ ሲቀላ አየሁ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከጓዳ አንድ የካርቶን ሳጥን አመጣ፤ በሱቁ ዘመን በደንበኛ ልብስ ላይ የሚያስራቸው ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ ጨርቆች ናቸው። እንደገና እንሞክር፣ በዚህ ጊዜ ግን እንጠብቅ አለ። ከሥር ከሥር፣ ወደ ግድግዳው የዞሩትን ቅጠሎች መርጦ በየአንገታቸው ቁጥር አሰረላቸው፤ አንዷ ለወተት፣ አንዷ ለነጭ ሽንኩርት፣ አንዷ ለሳሙና፣ አንዷ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ለመጠረግ። ፀጉር ሠሪዋ እንቁላሉንም ካልሞከርን ብላ ነበር፤ አባቴ ግን እንቁላሉን ቀቅሎ በላው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ለእኔ ትያትር ነበር። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ በደረጃው ወርዶ ፀጉር ቤት ገባና ደንበኞች አፍንጫቸውን ይዘው መጠየቅ ጀመሩ። ፀጉር ሠሪዋ ግን "የእኔው መድኃኒት ነው" ማለት አልፈለገችም፤ "ላይ ያሉት ሽማግሌ ናቸው" እያለች አባቴ ላይ ታላክካለች። የኮሪደሩ ድመት ደግሞ ወተት የተቀባችውን ቅጠል አገኛትና ላሰ ላሰ አድርጎ፣ በመጨረሻም ጫፏን ዘነጠለ። አባቴ ድመቱን አላባረረውም። ፀጉር ሠሪዋን ጠርቶ በጣቱ እያሳያት "ደንበኛሽ ነው" አላት።

አሸናፊዎቹ ሳሙናውና አልኮሉ ሆኑ። አባቴ ጥጡን አልኮል ውስጥ ነክሮ ተባዮቹን አንድ በአንድ ከየብብቱ ይለቅማቸዋል፤ ከዚያ በቀጭን የሳሙና ውኃ የቅጠሉን ጀርባ ይረጫል፤ ጥቂት ቆይቶ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል። በየጥቂት ቀኑ ይደጋግመዋል፤ እንቁላላቸው ተፈልፍሎ ሌላ ትውልድ ይመጣልና። ስለ አፈሩ ግን ፀጉር ሠሪዋ ረታችው። የሻገተውን ከላይ ገፈፉ፣ ቀረፋ ነሰነሱበት፣ ባልዲው ተከለከለ፣ መስኮቱ ተከፈተ። አባቴ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከቶ ደረቅ መሆኑን ሳያረጋግጥ ውኃ ማጠጣት ተወ። መሸነፉን በአፉ አልተናገረም፤ ለራሱ ሻይ ላይ ግን ቀረፋ ጣል ማድረግ ጀመረ።

መጋረጃው ጠዋት ጠዋት የሚገለጠው ለሙሽሪት ብርሃን ተብሎ ነው። ሳሙና ሊገዛ ወጥቶ አትክልት ይዞ ይመለሳል። ፀጉር ሠሪዋ ሾርባ በሳህን ስትልክለት ሳህኑን ባዶውን መመለስ አይሆንለትም፤ የፀጉር ቤቷን ፎጣዎች አምጪ ብሎ የቀለም እድፋቸውን አስለቅቆ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ ይልክላታል። ይሄን ሁሉ እንዳላየሁ ሆኜ ሻዬን እጠጣለሁ። ብናገር ያቆመው ነበር።

ተባዩ ጠፋ። የተቃጠሉት ቅጠሎች ግን አልዳኑም፤ አባቴ በእናቴ መቀስ እየቆረጠ አወረዳቸው። ያቺ ቤቱን የሞላች ሙሽሪት ግማሿ ሄዶ፣ ለሠርግ ሳይሆን ለሐኪም ቤት የተዘጋጀች መሰለች። ኢንጂነሩ ሊመለስ ቀርቦ ነበር። እንቅልፍ አጣሁ። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ግማሽ ሕንፃ ሲያይ "ግማሹ ቆሟል" አይልም።

ስለዚህ ተክል ሻጮች ጋ ሄድኩ። ዞሬ ዞሬ፣ ነጠብጣቧ ሳይቀር ሙሽሪትን ቁርጥ የሆነች፣ ሙሉ፣ ጤነኛ ተክል አገኘሁ። ታክሲ ውስጥ ጭኜያት ቅጠሏ ሾፌሩን ጆሮውን እየኮረኮረው መጣን። ፀጉር ሠሪዋ ደረጃው ላይ አግዛኝ ወጣን፤ እሷም ነገሩ ወዲያው ገብቷት "ሸክላውን መለወጥ ብቻ ነው፣ ማን ያውቃል" አለች።

አባቴ አዲሷን ተክል ዙሪያዋን አያት። ቅጠሎቿን ገልብጦ ከሥር አየ።

"ጥሩ ናት" አለ። "መልሺያት።"

"አባባ፣ ኢንጂነሩ እኮ..."

"አንድ ጊዜ የደንበኛ ሸሚዝ ጠፋብኝ። ያው ዓይነት፣ ያው ቀለም፣ ያውም አዲስ ገዝቼ ሰጠሁት። አልወሰደውም። ሰውየው የፈለገው ሸሚዝ አይደለም፤ ያንኑ የራሱን ሸሚዝ ነው።" ሙሽሪትን ወደ ብርሃኑ አዞራት። "እናትሽ የተወችልኝ ይቺን ነው።"

አዲሷን አልመለስኳትም። መኝታ ቤት አስቀመጥናት፤ እሱም "ከሙሽሪት የተረፈ ተባይ ካለ እንዳይጋባባት" ብሎ በሩን ዘጋባት።

ኢንጂነሩ የመጣ ዕለት አባቴ ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሻንጣውን አዘጋጅቶ በሩ አጠገብ አቁሞታል። ወንድሜ ሻንጣውን አየ። እንደ ልማዱ ዞረ፤ ምድጃውን አየ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አየ፣ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ተጠርጓል። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ሙሽሪት ፊት ቆመ። ከሥር የቀሩት ቅጠሎች አሁንም ቁጥራቸውን እንዳንጠለጠሉ ናቸው፤ አንደኛዋ ድመት የበላት ናት።

"ግማሿ የለም" አለ።

"የለም" አለ አባቴ። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የቀረችውን ያዳንኩም እኔ ነኝ። አሁን አንተ ፍረድ።"

"አባባ፣ ግማሿ እኮ ነው የሌለው።"

"የእኔስ ግማሽ መች አለ?" አለው አባቴ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "የቀረውን ነው የምጠብቀው፣ ልጄ። እሱን እዚሁ ልጠብቅ።"

ኢንጂነሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከኋላው የማየው ትከሻው ወደ ታች ወርዷል፤ በእናታችን ቀብር ላይ እንኳ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። ፀጉር ሠሪዋ የሾርባ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። በመጨረሻ ወንድሜ ዞር አለና ሻንጣውን አንስቶ መኝታ ቤት ወስዶ አስቀመጠው። ሲመለስ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ነበረበት።

"እዚያ ውስጥ ያለችውስ ምንድን ናት?"

እኔ ጣሪያውን አየሁ። አባቴ ግን አላመነታም። "ያንተ ናት" አለው። "እህትህ ገዝታልህ ነው። እኔን አንድ ክፍል ልታኖረኝ አይደል? መጀመሪያ እሷን አኑራት። አንተ ቤት ከለመለመች፣ ያን ጊዜ ስለ እኔ እንነጋገራለን።"

ወንድሜ የቆምንበትን ቤት አንዴ ዞሮ አየና ወደ መኝታ ቤቱ ተመለሰ። ሸክላውን ታቅፎ ደረጃውን ሲወርድ ቅጠሉ ፊቱን ሸፍኖት ነበር፤ ፀጉር ሠሪዋ "ቀኝዎን ይያዙ ኢንጂነር" እያለች ከፊት መራችው።

ድሮ ኢንጂነሩ አባቴ ጋ ሲደውል የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምድጃው ጠፍቷል ወይ። በቀጣዩ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አባቴ ጋ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ስልኩ ጮኸ። አባቴ አንስቶ ማዳመጥ ጀመረ። "እህ... ሁሉም ቅጠል ላይ?... ከላይ ነው ከሥር?... አይ፣ አይ፣ አቼቶ እንዳታስጠጋ... ልጅህም አየችው? እስኪ አገናኘኝ።" ከልጅ ልጁ ጋር ስለ ተክል፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ አንድ ስለሚያስቸግራት ልጅ ሲያወራ ሻዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ እንደገና ወንድሜን ተቀብሎ፣ በሐኪም ድምፅ፣ "በንጹሕ ውኃ እርጥብ ባደረግከው ጥጥ ቀስ እያልክ ጥረገው። በሙሉ አይደለም፤ መጀመሪያ ሥር ያለችውን አንዷን። ከዚያ ጠብቅና ንገረኝ" አለውና ዘጋ።

"ምን ሆነበት?"

"ነጭ ነጠብጣብ አወጣች ይላል። ሻጋታ ነው ብሎ ተጨንቋል።"

"አባባ፣ የራሷ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትነግረውም?"

አባቴ ተነስቶ የሙሽሪትን ሸክላ ወደ ብርሃኑ ትንሽ አዞራት።

"ነገ ይደውላል" አለኝ።